ከቀበሮዎቹ ሰርግ የቆረጥሁት ጠርዝ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ እንኳ አልነገርኋትም። ሐጅ ሊሄድ የተነሣ ባልንጀራዬ "ያስቀየምሁህ ካለ አፉ በለኝ" ብሎ ሲሰናበተኝ፣ "አንተስ ሆድህ ውስጥ የቀረ ነገር የለም?" ብሎ ጠየቀኝ፤ "የለም" አልሁት። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። እኔ መጠጥ ስለማልቀምስ ይሆናል፣ ሃያ ዓመት ሊሞላ ትንሽ እስኪቀረው ድረስ ሆዴ ውስጥ ቁጭ ብሏል። የመጀመሪያዎቹ ሰሚዎቼ እናንተ የምታነቡት ናችሁ።

ነገሩ ሲጠቀለል አጭር ነው። የሰው ስዕል ቆረጥሁ። የቆረጥሁትን ደበቅሁ። ሲጠይቁኝ ካድሁ። መካዴ አልበቃ ብሎኝ ቁርአን ይዤ ማልሁ። አንዲት እውነተኛ እናት በገዛ ቤታቸው፣ በገዛ እንግዶቻቸው ፊት ውሸታም ተባሉ። ይህን ሁሉ ያደረግሁ እኔ ነኝ። ሰይጣን አሳስቶኝ ነው አልልም፤ ሰይጣን ምላጭ አልያዘም፣ የያዝሁት እኔ ነኝ።

እኔ ማን ነኝ? እንድሪስ ፍሬም ሠሪው ነኝ። ደሴ ውስጥ ይህን ስም የማያውቅ ካለ ትናንት በአውቶብስ የገባ እንግዳ መሆን አለበት። ሱቄ ሆጤ ሰፈር ነው። ከቧንቧ ውሃ ሰፈር ጀምሮ እስከ ታች ኮምቦልቻ ድረስ የተመረቀ ልጅ፣ የተሞሸረች ሴት ወይም የሞተ አባት ፎቶ የተሰቀለበት ግድግዳ ካያችሁ፣ ፎቶውን ገልብጡትና ጀርባውን ተመልከቱ። በእርሳስ "የእንድሪስ እጅ" የሚል ታገኛላችሁ። ከአንድ የዋንዛ ጣውላ ግማሹን ለአያተል ኩርሲ የቁርአን ጥቅስ፣ ግማሹን ለቅዱስ ሚካኤል ስዕል ቆርጬ፣ ሁለቱን ደንበኞች በአንድ አግዳሚ ላይ አስቀምጬ እያጫወትሁ አስጠብቄያለሁ። ማዕዘኑ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ፍሬም ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። ይህን ስናገር አላፍርም። ሰው በሥራው ካልኮራ በምን ሊኮራ ነው?

ግድግዳዬ ላይ በቀይ ቀለም፣ በራሴ እጅ፣ "በዚህ ቤት የሰው ስዕል ተበላሽቶ አያውቅም" ብዬ ጽፌ ነበር። ስጽፈው እውነት ነበር። የበላኝም እርሱ ነው፤ እውነት ሆኖ እንዲኖርልኝ ስል ነው የሰው ስም ያጠፋሁት።

አንድ ልማድ ነበረኝ። ያን ጊዜ ፎቶ ቤቶች የሚያወጡት ፎቶ ዙሪያውን ነጭ ጠርዝ ነበረው፤ ደንበኛ ደግሞ ነጭ ጠርዝ አይወድም፣ "ሙሉ ይሁንልኝ" ነው የሚለው። ስለዚህ ማናቸውም ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ሲያርፍ እጄ መጀመሪያ የሚያደርገው የብረት ማስመሪያውን አስደግፎ ነጩን ጠርዝ በምላጭ መሸለት ነው። አላየውም፣ አላስበውም። እጄ ከዓይኔ ይቀድም ነበር፣ በዚህም እኮራ ነበር።

እትዬ ሰዓዳ የሐርቡ ሰው ናቸው። አባታቸው ሸማኔ ነበሩ። እርሳቸው ገና በልጅነታቸው ኮምቦልቻ መጥተው አንድ የጨርቅ ፋብሪካ ገቡ፤ ጡረታ እስኪወጡ እዚያው ሠሩ። በመካከሉ አዲስ የሽመና ማሽን ሊተክል ኬንጂ የሚባል ጃፓናዊ መጣ። ማሽኑ ላይ ክር በተበጠሰ ቁጥር ሠራተኛው ቋጥሮ ይቀጥላል፤ ቋጠሮው ግን ጨርቁ ላይ እንደ ብጉር ያብጣል። እትዬ ሰዓዳ አይቋጥሩም። ሁለቱን ጫፎች ምራቅ አስነክተው፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው መካከል አንዴ ያሾሯቸዋል፤ ክሩ ተበጥሶ እንደማያውቅ ይሆናል። ከአባታቸው የተማሩት ነው። ጃፓናዊው ይህን ሲያይ ወንበር ስቦ አጠገባቸው ተቀመጠ። ሳምንታት ፈጅቶ፣ ጣቱ እሺ እስኪለው ድረስ ተማረ።

እንግዲህ ይህን ማን ያምናል? የሸማኔ ልጅ፣ ያውም ሴት፣ መሐንዲስ አስተማረች ቢባል ማን ይቀበላል? የፈረቃቸው አለቃ አያ ሙሔ የሚባል ሰው ነበር፤ ጨዋታ አዋቂ፣ አፈ ጮሌ። "ጃፓኑን ክር መቀጠል ያስተማርሁት እኔ ነኝ" እያለ በየሰርጉና በየለቅሶው ያወራ ነበር። ሰው ሁሉ እርሱን አመነ። እትዬ ሰዓዳ ግን መልስ ነበራቸው፤ መልሳቸውም ለማንም ሳያሳዩ ሣጥናቸው ውስጥ በጨርቅ ጠቅልለው ያስቀመጡት ስዕል ነበር።

ስዕሉን ያመጡልኝ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ሳምንት ሲቀራቸው ነው። ለሽኝታቸው ድግስ ሊሰቅሉት ፈልገው ነበር። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ወረቀት ነክቼ አላውቅም፤ እንደ ጨርቅ የለሰለሰ፣ ቃጫው የሚታይ ነው። በእንጨት ላይ ተቀርጾ፣ ለእያንዳንዱ ቀለም ሌላ እንጨት ተጠርቦ፣ እየተጫነ የታተመ ነው አሉኝ። እኔ የእንጨት ሰው ነኝና ሳይነግሩኝም አይቼዋለሁ፤ ሰማዩ ላይ የጣውላው ጅማት ታትሞ ይታያል። ቀበሮዎች በሁለት እግራቸው ቆመው፣ የሰው ልብስ ለብሰው፣ ፋኖስ ይዘው ተሰልፈዋል። አራቱ ሙሽራይቱን በሣጥን ተሸክመዋት ይሄዳሉ፤ ከመጋረጃው አፍንጫዋ ብቻ ብቅ ብሏል። ፀሐይ አለ፣ ዝናብም አለ፤ ዝናቡ ከክር የቀጠነ መስመር ሆኖ በሰያፍ ይወርዳል።

"ሚዜዎቹን እያቸው" አሉኝ እየሳቁ፣ "የኛን አገር ሚዜ ይመስላሉ፤ ልባቸው ምግቡ ላይ ነው።"

ከዚያ ታሪኩን ነገሩኝ። አንድ ቀን ፀሐይ እያለ ዝናብ ጣለ፤ የፋብሪካው ሠራተኛ ሁሉ ግቢ ወጥቶ "ጅብ ወለደች! ጅብ ወለደች!" ይላል። ኬንጂ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ፤ እትዬ ሰዓዳ አስረዱት። ሰውዬው ሆዱን ይዞ ሳቀ። በእርሱ አገር ተረት ደግሞ ፀሐይና ዝናብ ሲገናኙ ቀበሮዎች ይሞሸራሉ ይባላል። አገሩ ደርሶ ሲመለስ የአያቱን የዱሮ ስዕል ይዞላቸው መጣ። "የናንተ ጅብ አራስ ናት፣ የኛ ቀበሮ ሙሽራ፤ ይጠያየቁ" አላቸው አሉ።

ይህን ሁሉ ሲያወሩ እኔ ስዕሉን እየለካሁ ነበር። በመጨረሻ "ግርጌው ላይ የእጁ ጽሑፍ አለበት፤ አደራህን" አሉኝ። "እሺ እትዬ፣ እሺ" አልሁ። ደንበኛ ሲያወራ እሺ ማለት ልማዴ ነው። አደራ አሉኝ፣ እኔም እሺ አልሁ፣ ጆሮዬ ግን እዚያ አልነበረም። አደራ በላ የሚባለው እንዲህ ነው የሚሆነው? እኔ አደራ በላ ሲባል ቢያንስ የሚሰርቅ ሰው ይመስለኝ ነበር።

በማግስቱ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት፤ እጄም የለመደውን አደረገ። ማስመሪያው ዐረፈ፣ ምላጩ ሄደ። የታችኛው ነጭ ጠርዝ አንድ ረዥም ቁራጭ ሆኖ እግሬ ሥር ወደቀ። ላነሣው ጎንበስ ስል ነው ያየሁት። በእርሳስ፣ የአንደኛ ክፍል ልጅ እንደጻፈው በተንጋደደ ፊደል፣ እንዲህ ይላል፦ "ለሰዓዳ። ክር መቀጠል ካንቺ ተማርሁ። አላህ ይስጥልኝ። ኬንጂ።" ከአጠገቡ ደግሞ ጥፍር የምታህል ቀይ ማኅተም አለች፤ እንጨቱን የጠረበው ሰው ስም ናት። እኔ፣ የሠራሁት ሁሉ ጀርባ ላይ ስሜን የምጽፍ ሰው፣ የሌላውን እንጨት ሠሪ ስም ቆርጬ ጥያለሁ።

ያን ጊዜ ምን ማድረግ ነበረብኝ? ሚኒባስ ይዤ ኮምቦልቻ መውረድ፣ "እትዬ፣ አጠፋሁ፣ ይኸው" ማለት ነበረብኝ። ቁራጩ ደህና ነበር፤ ከስዕሉ ሥር አስጠግቼ ከመስታወቱ በታች ባስቀምጠው መስመሩ ይታይ ይሆናል እንጂ ጽሑፉ ይነበብ ነበር። ግን ከፊቴ ግድግዳው ላይ ያ ቀይ ጽሑፍ አለ። ተበላሽቶ አያውቅም ይላል። እኔ እንድሪስ አበላሸ ልባል? ሰው ቤት ልለምን ልሂድ? አላደርገውም አልሁ። ላያስተውሉት ይችላሉ ብዬ ራሴን አሞኘሁ።

ቁራጩን ልጥለው አልቻልሁም። የአላህ ስም ያለበት ወረቀት መሬት አይጣልም፤ እኛ ዘንድ ልጅ እንኳ ያውቀዋል፣ ጎዳና ላይ ወድቆ ቢያገኝ አንሥቶ ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ይከተዋል። ላቃጥለውም እጄ ፈራ። አያችሁ ጉዴን? የስሙን ወረቀት የምፈራ ሰው የስሙን ባለቤት አልፈራሁም። በመጨረሻ ቁራጩን ከስዕሉ ጀርባ አስገባሁት፣ ካርቶን ደረብሁበት፣ በቡናማ ወረቀት አሸግሁት። ከላዩም በእርሳስ "የእንድሪስ እጅ" ብዬ ፈረምሁ። በዚያ ቀን እንኳ ፈረምሁ!

የሽኝቱ ዕለት ፍሬሙን ራሴ ይዤ ወረድሁ። ቤታቸው ሞልቷል፤ የፋብሪካ ጓደኞቻቸው፣ ጎረቤት፣ አያ ሙሔም አለ። እትዬ ሰዓዳ ስዕሉን ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ገለጡት፤ ሰው ሁሉ "ማሻ አላህ" አለ። ፍሬሙ የምር ያምር ነበር። እርሳቸው ግን ገና አላዩትም፣ ዓይናቸው አያ ሙሔ ላይ ነበር።

"አያ ሙሔ፣ መነጽርህን አድርግ እስቲ" አሉ። "ግርጌውን አንብብልን።"

አያ ሙሔ ተነሥቶ መነጽሩን አደረገ፣ ጎንበስ ብሎ አየ። "ዝናቡን ነው የማነበው ወይስ ቀበሮዎቹን?" አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እትዬ ሰዓዳ ደንግጠው ወደ ስዕሉ ዞሩ፤ ጣታቸውን በመስታወቱ ግርጌ ላይ ከዳር እስከ ዳር አስኬዱት። ከዚያ እኔን አዩኝ።

"እንድሪስ፣ ጽሑፉስ?"

"የምን ጽሑፍ፣ እትዬ?" አልሁ።

ዓይኔን በጨው አጥቤ እንዲህ አልሁ። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ፣ አሁንም "አለ" ማለት እችል ነበር፣ አላልሁም። ለአፍታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ደንግጬ ነው እል ነበር። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የኔ ግን ወለምታም አልነበረም፣ ደግሜ ደጋግሜ ተናግሬዋለሁ።

ደጋግሜ የምለው ለዚህ ነው። እትዬ ሰዓዳ "እንድሪስ ቆርጦብኛል" ማለት ጀመሩ። ወሬው ደሴ ደረሰ። አንድ ደንበኛዬ የልጁን የሰርግ ፎቶ ሲሰጠኝ "አደራ፣ አንገቷን እንዳትቆርጥብኝ" ብሎ ቀለደ። ደሜ ፈላ። ጥፋተኛው እኔ፣ የተቆጣሁትም እኔ! ስሜን አጠፉት ብዬ ሽማግሌ የሰበሰብሁ እኔ ነኝ። ከሳሹ እኔ ነበርሁ። ይህን አስምሩበት።

ሁለት ሼሆችና አንድ ቄስ በእትዬ ሰዓዳ ግቢ ካለው ማንጎ ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ታላቁ ሼህ ይመር ዱዓ አድርገው ከፈቱ፤ ፍሬሙን ጉልበታቸው ላይ አስተኙት። መዳፋቸው ጀርባው ላይ ዐርፎ ነበር። ከእጃቸው እስከ ጽሑፉ ድረስ አንድ ካርቶን ብቻ ነበር የቀረው፣ ይህን የማውቅ እኔ ብቻ ነበርሁ።

"ምስክር የለም" አሉ ሼህ ይመር። "የቀረን መሐላ ነው። ሰዓዳ፣ አንቺ ትምያለሽ ወይስ ለእርሱ ትሰጭዋለሽ?"

"እርሱ ይማል" አሉ እትዬ ሰዓዳ። "ቁርአን ይዞ የሚዋሽ የደሴ ሰው አላውቅም። ከማለ የተሳሳትሁት እኔ ነኝ።"

ተነሥቼ ውዱእ አደረግሁ። በእርጥብ እጄ ቁርአኑን ያዝሁ። "ወላሂ፣ ጽሑፍ አላየሁም፣ አልቆረጥሁም" አልሁ። ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ከዚያ የሆነውን ለመጻፍ ነው ይህን ሁሉ ወረቀት የፈጀሁት። እትዬ ሰዓዳ፣ የእናቴ እኩያ፣ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ፊቴ ጎንበስ አሉና "አፉ በለኝ ልጄ፣ ስምህን አጥፍቻለሁ" አሉኝ። እኔም "አፉ ብያለሁ፣ እትዬ" አልሁ። ይቅር አልኋቸው! የቆረጥሁት እኔ፣ ይቅር ባዩም እኔ!

በሐረጎ ዳገት ወደ ደሴ ስመለስ ደረቴን ነፍቼ ነበር። በዚያው ሳምንት የግድግዳዬን ጽሑፍ በአዲስ ቀይ ቀለም ደገምሁት።

እርሳቸውስ? ኮምቦልቻ ላይ ተረት ሆኑ። ሰው ትንሽ ካጋነነ "ጽሑፉስ?" ይባል ጀመር፤ ከየት እንደመጣ የማያውቁ ልጆች ሳይቀሩ ይሉታል። እትዬ ሰዓዳ ስለ ጃፓናዊው ዳግመኛ አላነሡም። አያ ሙሔ ሲሞት "ጃፓን ያስተማረ" ተብሎ ተለቀሰለት፤ እርሳቸውም ለቅሶው ላይ ተቀምጠው ሰሙ። እኔም ነበርሁ፣ አየኋቸው፣ አንገቴን አልደፋሁም። ደግሞ የሚገርመው፣ ባለፉት ዓመታት ሁሉ ከኮምቦልቻ ደንበኛ ይመጣልኛል። "ማን ላካችሁ?" ስል "እትዬ ሰዓዳ" ይሉኛል። በነገሩ ተጸጽተው ሊክሱኝ ነው ብዬ አስብ ነበር። እንዲህ ብዬ አስብ ነበር!

ባለፈው ወር ልጃቸው ሐያት ሱቄ መጣች። መምህርት ሆናለች። ፍሬሙን ይዛለች፤ ቤት ሲቀባ ሚስማሩ ተነቅሎ ወድቆ መስታወቱ ተሰንጥቋል።

"እማዬ 'ከእንድሪስ በቀር ማንም እንዳይከፍተው' ብላለች" አለችኝ።

የመጀመሪያ ሐሳቤ ምን እንደነበረ ልናገር። ጸጸት አልነበረም። ተገላገልሁ ነው ያልሁት። ቁራጩን አወጣለሁ፣ ይጠፋል፣ ነገሩ ከኔ ጋር ይቀበራል አልሁ። ፍሬሙን ገለበጥሁት። ያሸግሁበት ቡናማ ወረቀት የለም። ፊርማዬም የለም። በቦታው ነጭ አቡጀዲ ተወጥሮ፣ ዙሪያውን በጥቃቅን ሚስማር ተይዟል።

"ይህን ማን ለወጠው?" አልሁ።

"እማዬ ናት። ጡረታ በወጣች በዓመቱ፣ ክረምት ላይ፣ እርጥበት ገባበት ብላ ከፈተችው። ትዝ ይለኛል፣ በሩን ዘግታ ቀኑን ሙሉ ስትሠራበት ዋለች።"

ሐያትን ምሳ በልተሽ ተመለሽ ብዬ ላክኋትና ብቻዬን ከፈትሁት። ቁራጩ ከጀርባ አልነበረም። ከስዕሉ ጋር ተቀጥሏል። ያ ወረቀት እንደ ጨርቅ ነው ብዬ የለ? እትዬ ሰዓዳ ከአንድ ክር ላይ ፀጉር የምታህል ገንጥለው፣ ምላጬ ያለፈበትን ከዳር እስከ ዳር ሰፍተውታል። ስፌት መሆኑን ለማመን ዓይኔን እስኪነካ አስጠጋሁት። በጥፍሬ ዳሰስሁት፣ አያደናቅፍም። ሠላሳ ዓመት በእጄ ስኮራ የኖርሁ ሰው ነኝ፤ እኔ እንዲህ አድርጌ መቀጠል አልችልም። ከዚያ ደግሞ የቀጠሉትን ጠርዝ፣ ስማቸው ያለበትን፣ ወደ ኋላ አጥፈውታል። ከፊት ለሚያየው ስዕሉ እኔ እንደቆረጥሁት ነው።

ደወልሁላቸው።

"እትዬ፣ ከፈትሁት" አልሁ።

"መስታወቱ ስንት ቀን ይፈጃል?" አሉኝ።

"ያውቁ ኖሯል።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ምነው ዝም አሉ? ሼህ ይመር ነበሩ፣ አያ ሙሔም በሕይወት ነበር። አውጥተው ቢያሳዩ ኖሮ..."

"እኔ ውሸታም ብባል ያው ሰዓዳ ነኝ፤ የሠራሁትን ጣቴ ያውቀዋል" አሉ። "አንተ ግን ቁርአን ይዘህ ምለሃል። ቢወጣ ማን አብሮህ ይሰግዳል? ያን ጊዜ ሚስትህ አራስ ነበረች። ልጂቱን 'በሐሰት የማለው ልጅ' ሊሏት ነው። እኔ የሸማኔ ልጅ እየተባልሁ ነው ያደግሁት፤ የአባት ስም ልጅን እንዴት እንደሚከተል አውቃለሁ።"

"እትዬ፣ አፉ ይበሉኝ" አልሁ።

"አፉ ባልልህ ያን ሁሉ ደንበኛ እሰድልህ ነበር? እንደነበረው አጥፈህ መልስልኝ" አሉና ዘጉት።

ኩሩ ሰው ነበርሁ ብዬ የለ? ኩራት ምን እንደሆነ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። እኔ ስሜን ለማዳን የሰው ስም ቀበርሁ። እርሳቸው መልሳቸውን እጃቸው ላይ ይዘው፣ "ጽሑፉስ?" እየተባሉ፣ የማያውቋትን የኔን ልጅ ስም ጠበቁ። ከቀበሮዎቹ ጋር ግድግዳቸው ላይ ተሰቅሎ፣ በዘረጉት ቀን የሚያሸንፉበት ነገር ነበር፤ አንድም ቀን አልዘረጉትም። እንዲህ ያለች ሴት ኮምቦልቻ ላይ አለች፤ ወሎዬ በመሆኔ ስኮራ እርሳቸውን አስቤ ነው ከእንግዲህ የምኮራው።

እንደነበረው አጥፈህ መልስ ብለውኛል። አላጠፍሁትም። ይህ ሁለተኛው አደራቸው ነው፤ ይህንንም በላሁ፣ በዚህ ብቻ አልጸጸትም። ከሱቄ ያለውን ምርጥ ዋንዛ አወጣሁ። ፍሬሙን ካለፈው አንድ ጋት አስረዝሜ ሠራሁት፤ ጠርዙ ተዘርግቶ፣ ጽሑፉም ቀይ ማኅተሙም ከመስታወቱ ሥር ይታያል። የግድግዳዬን ቀይ ጽሑፍ በኖራ አጠፋሁት። ከነገ ወዲያ ዓርብ፣ ከጁምዓ በኋላ፣ እትዬ ሰዓዳ ግቢ ማንጎው ሥር ሰው ጠርቻለሁ። ከሽማግሌዎቹ በሕይወት የቀሩት ቄሱ ይመጣሉ፤ የአያ ሙሔ ልጆችም ይመጣሉ። ለምን እንደሆነ ለማንም አልተናገርሁም። ልጄ ይህን ጽሑፍ ዛሬ ታነበዋለች፤ የማን ልጅ እንደሆነች ከሌላ አፍ እንድትሰማ አልፈልግም።

ከናንተ ከምታነቡት ይቅርታ አልለምንም፤ የበደልሁት እናንተን አይደለም። ለመሐላው ከጌታዬ ጋር የምነጋገረው አለኝ። ድንጋጤ ነበር፣ ልማድ ነበር፣ ወጣት ነበርሁ አልልም። አንድ ነገር ብቻ ለውጫለሁ። የሠራሁትን ሁሉ ከጀርባ ነበር የምፈርመው፣ በእርሳስ፣ ግድግዳው እንዲሸፍነው። ይህን ግን ከፊት፣ ከእትዬ ሰዓዳ ስም በታች፣ እንጨቱ ላይ በመሮ ቀረጽሁት፦ "ቆርጦ በሐሰት የማለ። የእንድሪስ እጅ።"